ጠይቁን፦ ለፊልምና ለጌም የሚሆን ሄድፎን፣ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ቀን ሥራ ላይ ስለምውል ፊልም የማየውም ሆነ በላፕቶፔ ጌም የምጫወተው ቤተሰብ ከተኛ በኋላ ነው። በተራ ኤርፎን ዘፈን በደንብ ይሰማኛል፤ ፊልም ስከፍት ግን ድምፁን እስከ መጨረሻው ብለቀውም ንግግሩ ይርቅብኛል፣ ተኩስና ፍንዳታ ሲመጣ ደግሞ ደንግጬ ከጆሮዬ እነቅለዋለሁ። አንድ ነጋዴ «ጥሩ ሄድፎን ያለ አምፕሊፋየር (የድምፅ ጉልበት መጨመሪያ) አይሠራም» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ እንድገዛ መክሮኛል። ውጭ አገር ያለች እህቴ በበኩሏ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለውን፣ ባለ 80 ኦሙን፣ ልላክልህ ብላኛለች። ላፕቶፔ ይችለዋል? በጌም ውስጥ ጠላት ከኋላ ይምጣ ከፊት እንድለይ «7.1» የሚል የተጻፈበት ብገዛ አይሻልም?

መልስ፦ እህትዎን እሺ ይበሏቸው፤ አምፕሊፋየሩን ግን ለጊዜው ይተዉት። ያስቸገረዎ የጉልበት ማነስ ቢሆን ኖሮ ፍንዳታውም እንደ ንግግሩ ደክሞ በተሰማዎት ነበር። ፍንዳታው የሚያስደነግጥዎ ከሆነ ላፕቶፑ ጉልበት አላነሰውም፤ ጣጣው ያለው ፊልሙ በተሰናዳበት መንገድና ማጫወቻው ድምፁን በሚያደርስበት አኳኋን ላይ ነው።

ዘፈን ሲቀረጽ ዝቅተኛው ድምፅ ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ እየተደረገ ስለሚጨመቅ በስልክም በታክሲ ሬዲዮም እኩል ይሰማል። ፊልም ግን በመጀመሪያ የሚሰናዳው ለሲኒማ አዳራሽ ሲሆን፣ በአዳራሹ መለኪያ እያንዳንዱ ዋና ድምፅ ማጉያ በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ተስተካክሎ ከዚያ በላይ 20 ዴሲቤል መፈናፈኛ ስለሚተውለት፣ ጫፉ 105 ዴሲቤል ይደርሳል። ንግግር ከዚያ ጫፍ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። አምፕሊፋየር ይህን ርቀት አያጠብም፤ ሹክሹክታውን በ10 ዴሲቤል ከፍ ሲያደርግልዎት ፍንዳታውንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ ያመጣብዎታል። ነጋዴው ያልነገረዎት ይህንን ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ፊልሞች የሚመጡት ባለ 5.1 ድምፅ ሆነው ነው፤ ይኸውም ሁለት የፊት፣ አንድ የመካከል፣ ሁለት የጎን ወይም የኋላ ቻናልና አንድ የጎርናና ድምፅ ቻናል ማለት ነው፤ ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመካከለኛው ላይ ነው። ማጫወቻው እነዚህን ሁሉ ወደ ሁለት ጆሮ ሲያጥፍ የመካከሉን በአግባቡ ካላካፈለ፣ ሙዚቃውና ተኩሱ ከየጎኑ እየገፋ ንግግሩ በመሐል ይሳሳል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይሞክሩ። ፊልሙ ከአንድ በላይ የድምፅ ትራክ ካለው ስቴሪዮውን (ባለ ሁለት ቻናሉን) ይምረጡ። ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ የሚጠቀሙ ከሆነ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ያለውን ኮምፕሬሰር (ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበውን) ያብሩ። ካልሆነም በዊንዶውስ የድምፅ ቅንብር ውስጥ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘውን የድምፅ ማመጣጠኛ ምልክት ያድርጉበት። ሌሊት ለሚያይ ሰው ይህ ከየትኛውም አምፕሊፋየር ይበልጣል፤ ጌም ሲጫወቱ ግን ያጥፉት፤ የሩቁን ኮቴ ከቅርቡ ጋር እኩል አድርጎ ርቀቱን ያጠፋብዎታልና።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ሄድፎን አምፕሊፋየር ይፈልግ እንደሆነ የሚነግሩን ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ኦሙ፣ ማለትም ሄድፎኑ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበት መጠን ሲሆን ሌላው በ1 ሚሊዋት ጉልበት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ የሚገልጸው ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የእህትዎ ምርጫ 80 ኦም ሲሆን በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ያወጣል። የላፕቶፕዎ ጃክ (ሄድፎኑ የሚሰካበት ቀዳዳ) 1 ቮልት ይሰጣል ብንል፣ ቮልቱን በራሱ አባዝተን ለኦሙ ስናካፍል 12.5 ሚሊዋት እናገኛለን። ጉልበት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ3 ዴሲቤል፣ በ10 እጥፍ ሲያድግ ደግሞ በ10 ዴሲቤል ስለሚጨምር፣ 12.5 እጥፉ ወደ 11 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ በጠቅላላው 107 ዴሲቤል ማለት ነው። ከሲኒማው ጫፍ በላይ ነው እንግዲህ። ጃክዎ ደከም ያለ ሆኖ ግማሽ ቮልት ብቻ ቢሰጥ እንኳ 101 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ለዚያውም የዓለም ጤና ድርጅት 90 ዴሲቤልን በሳምንት ከ4 ሰዓት በላይ እንዳናዳምጥ፣ 80 ዴሲቤልን ደግሞ እስከ 40 ሰዓት ብቻ እንድናዳምጥ ይመክራል።

ኦም ብቻውን እንደሚያሳስት ለማየት ሁለት ሄድፎኖችን ማነጻጸር ይበቃል። ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 ኦሙ 300 ስለሆነ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ነገር ግን በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ያወጣል። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 በአንጻሩ 50 ኦም ብቻ ሆኖ ሳለ በ1 ሚሊዋት የሚያወጣው 83.5 ዴሲቤል ስለሆነ፣ በዚያው 1 ቮልት ከ97 ዴሲቤል አያልፍም። አምፕሊፋየር ግድ የሚሆነው እንዲህ ላለው ነው።

እኔም በዚህ ነገር ተሞኝቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለሱቅ አሳምኖኝ አምፕሊፋየር ገዛሁና በላፕቶፔ ጃክ ላይ ሰካሁት። ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥር በፊት በጭንቅ ይሰማ የነበረው «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ፣ የፊልሙ ተዋናዮች ዝም ባሉበት ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ጀመር። ቻርጀሩን ስነቅለው ጸጥ አለ። አምፕሊፋየሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ የተሰጠውን ነው ያጎላው። እርስዎም እንዲህ ያለ ድምፅ ካለ ቻርጀሩን ነቅለው ይለዩት፤ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ (በዩኤስቢ ተሰክቶ በላፕቶፑ ጃክ ፈንታ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ) ነው፤ ዋጋውም ከአምፕሊፋየር በእጅጉ ያነሰ ነው።

በእርስዎ ቤት ከአምፕሊፋየር ይልቅ የሚያሳስበው የሄድፎኑ ጀርባ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ድምፁን ከራስ ቅል አውጥቶ በክፍሉ ውስጥ የተበተነ ያስመስለዋል፤ ለጌም የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ሆኖም የውጭው ድምፅ ያለ ከልካይ ይገባል፣ የውስጡም ይወጣል። በሐምሌ ሌሊት ከጦሳ የሚወርደው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በክፍት ሄድፎን ፊልም ለማየት ሞክሬ ከግርጌ ጽሑፉ በቀር የያዝኩት አልነበረም። አጠገብዎ የተኙት ሰዎች ደግሞ ተኩሱን ሁሉ ይሰሙታል። ዲቲ 770 ዝግ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ይበጅዎታል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ጎርናናውንና ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ መካከሉን፣ ማለትም የሰው ድምፅ ያለበትን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይለዋል። የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፅ ጆሮዎን ከወጋው በማስተካከያው 8 ኪሎኸርዝ አካባቢ በጥቂቱ ይቀንሱት። ልኩን ለማግኘት በፍንዳታ አይፈትኑት፤ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ፣ ማሲንቆና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት ዘፈን ይክፈቱ። የወሎ ሰው ጆሮ የማሲንቆን ትክክለኛ ድምፅ ያውቀዋል፤ ቀጥኖ ከጮኸ ጥፋቱ የሄድፎኑ ነው።

«7.1» (ባለ ስምንት ቻናል ድምፅ) የሚለውን ጽሑፍ በተመለከተ፣ ከጥቂቶች በቀር በውስጣቸው ያለው በየጆሮው አንድ ድምፅ ማውጫ ነው፤ የቀረው በሶፍትዌር የሚሠራ ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ለቀኝ ጆሮ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶና ደክሞ ስለሚደርስ ግራና ቀኙን እንለያለን፤ ፊትና ኋላውን ደግሞ የጆሯችን ቅጠል ድምፁን ከሚቀርጽበት መንገድ እንረዳለን። ሶፍትዌሩ ይህን ቅርጽ አስመስሎ በማንኛውም ባለ ሁለት ቻናል ሄድፎን ላይ ያስቀምጠዋል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ዊንዶውስ ሶኒክ የተባለው በነጻ ይገኛል። ጌሙ በራሱ ቅንብር ውስጥ የሄድፎን ምርጫ ካለው ግን የጌሙን አብርተው የዊንዶውሱን ያጥፉት። ሁለቱ ሲደራረቡ ኮቴው ከኋላ ይሁን ከጎን የማይታወቅ፣ በርሜል ውስጥ ገብቶ እንደሚሰማ ድምፅ ይሆንብዎታል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። በብሉቱዝ ሄድፎን ፊልም ሳይ ከንፈሩና ድምፁ አይገጥምም፣ ጌም ላይም ተኩሱ ዘግይቶ ይሰማኛል። ውድ ብሉቱዝ ብገዛ ይስተካከላል?

መልስ፦ ለፊልሙ መግዛት አያስፈልግዎትም። በቪኤልሲ «ጄ» የሚለውን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፤ ከንፈሩ እስኪገጥም ይቀጥሉ። ጌም ግን ቀድሞ የተቀረጸ ስላልሆነ አስቀድሞ ሊላክ የሚችል ድምፅ የለውም። ተራ ብሉቱዝ 200 ሚሊሰከንድ ቢያዘገይ፣ በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም ላይ 12 ምስል ካለፈ በኋላ ነው ተኩሱን የሚሰሙት። ለጌም ባለ ሽቦውን፣ ሽቦ ካልወደዱም የራሱ የዩኤስቢ መቀበያ ያለውንና በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን ይምረጡ። ሲገዙ የጆሮ ትራሱንም ይመልከቱ። ደሴ ላይ የሚያሞቀው ቆዳ መሰል ትራስ ኮምቦልቻ ሲወርድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጆሮን በላብ ስለሚያርሰው፣ ከፋይ ጨርቅ የለበሰውን ወይም ትራሱ የሚቀየረውን ይጠይቁ።