የአንባቢያን ጥያቄ፦ ምራቷ የምትሰማው የጣሳ ድምፅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የበልግ ዝናብ ሳይዘንብለት ስለቀረ አንድ የወሎ ደላንታ ቤተሰብ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያነበብኩትን ሁሉ አስገብቻለሁ። ጓደኞቼ ግን «የስብሰባ ሪፖርት ነው» አሉኝ። አንባቢን ለማስለቀስ ምን ላድርግ? (ጀማሪዋ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? የላክሽልኝን ምዕራፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። ማስለቀሱን ለጊዜው ተይው።

«የምድር ሙቀት መጨመር የዝናብ ሥርዓትን ባዛባበት በዚህ ዘመን» ብለሽ ጀምረሻል። ይህን የሚለው ማን ነው? ባለታሪክሽ ዘነበች ቤት እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም። (ስሟን ሳታስቢበት ነው ያወጣሽላት፣ አይደል? ዝናብ የናፈቃት ሴት ዘነበች ትባላለች፣ አንቺ ግን አንዴም አልተጠቀምሽበትም።)

ገጽ 14 ላይ «እጇ የጎታውን ወለል ነካ» ብለሽ ዘለልሽው። ልቦለድሽ እኮ እዚያ ነበር! በበልግ አገር ገብስ ጥርና የካቲት ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ይታጨዳል። የካቲት ላይ ጎታ ውስጥ የቀረው ዘር ነው። ዝናቡ በዘገየ ቁጥር ያው ገብስ ዘርም ምግብም ይሆናል። ትፍጨው ወይስ ታቆየው? ነገ ቢዘንብስ? «አዘነች» አትበይ። አንድ ጣሳ ሰፍራ ግማሽ እፍኝ ትመልስ።

ደግሞ ከዘነበች ወደ ግብርና ባለሙያው፣ ከሱ ወደ ሚኒስትሩ ትዘያለሽ። አንድ ዓይን ምረጪ። እኔ ብሆን ምራቷን እመርጥ ነበር። ጎታ የመክፈት ሥልጣን የላትም፤ አማቷን «ስንት ቀረ?» ማለትም ነውር ነው። ስለዚህ ማታ ተኝታ ታዳምጣለች። ጣሳው የጎታውን ጭቃ ሲፋቅ እየሰማች ቀን ትቆጥራለች።

ባርባራ ኪንግሶልቨር የምትባል አሜሪካዊት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ልቦለድ ታሪኩን የምናየው በአንዲት የገበሬ ሚስት ዓይን ነው። ሴትዮዋ መነጽሯን ሳታደርግ ተራራ ትወጣና ጫካው በእሳት የተያያዘ ይመስላታል። ለካ መንገዳቸውን የሳቱ ቢራቢሮዎች ናቸው። ሳይንቲስቱ ኋላ ይመጣል። ያንቺም ባለሙያ እንደዚያ ይምጣ፤ «ኤልኒኖ» (ዝናብ የሚያዛባው የውቅያኖስ ሙቀት) ሲል ምራቷ የሰው ስም ይምሰላት።

ይህን ሁሉ የምለው ወድጄ አይደለም። በጥቅምት 1977 የኮረም ረሃብተኞች በቴሌቪዥን ሲታዩ (ኮረም ያኔ ወሎ ነበር) ዓለም አለቀሰ። እርዳታም መጣ፣ አልክድም። ግን ካሜራው ከውጭ ነው የሚያየው። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ኮሌጅ ስገባ አንዱ የዶርም ልጅ «ወሎዬ ነህ? ታዲያ እንዴት ወፈርክ?» አለኝ። ሳቅኩለት። አሁንም ባስታወስኩት ቁጥር ይቆጠቁጠኛል። ያ ልጅ ምስሉን ሲያይ አልቅሶ ይሆናል እኮ።

በይ፣ ምዕራፉን ከጣሳው ድምፅ ጀምሪና መልሰሽ ላኪልኝ። ጣሳዋን ግን የዱቄት ወተት ጣሳ አድርጊያት፣ ጽሑፏ የለቀቀ። የእናቴ እንደዚያ ነበረች።