«ሦስቴ አሠርቼዋለሁ፣ አሁንም ይሞቃል»

ጥያቄ፦ ከሰባት ወር በፊት ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። ሞተሩ ይሞቃል። ራዲያተሩን አስጠረግኩ፣ ቴርሞስታት አስቀየርኩ፣ በመጨረሻ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወርዶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተቀየረ። አሁንም ይሞቃል። ሻጩ «አይተህ ነው የገዛኸው» ይለኛል። ግን እሱ ራሱ «አልፎ አልፎ ውሃ ጨምርለት» ብሎኝ ነበር። ልከሰው እችላለሁ?

ምላሽ፦ መክሰስማ ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ምን ይዘው እንደሚከሱ ነው።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው። ዕቃው ያገለገለ መሆኑ ብቻ ነጻ አያወጣውም። የፍሬን ሸራ ማለቅና የጎማ መላጥ ግን የዕድሜ ነገር ነው፣ እዚህ አይገባም። ውሉ ላይ «በጉድለቱ አልጠየቅም» የሚል ቃል ቢኖርም፣ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀን ሻጭ አያድነውም።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። ለሻጩ መቼ አስታወቁት? ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ጥገና አለ፣ ሻጩ ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የደወሉለት ይመስለኛል። ብሳሳት ደስ ይለኛል። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ለመክሰስ ያለዎት ጊዜ አንድ ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ካስታወቁበት ቀን ነው። በስልክ ብቻ ከነገሩት ያንን ቀን በምን ያስረዳሉ?

ደንበኞቼ ሁልጊዜ የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ ጋራዥ፣ ቀጥሎ ሻጭ፣ መጨረሻ ጠበቃ። ይቆጡኝ እንጂ እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጉድለቱ በርክክቡ ጊዜ እንደነበረ ማስረዳት ያለበት ገዢው ነው። የተቃጠለው ጋስኬት ምስክርዎ ነበር። ቴስታታው ከዚህ በፊት ተላጭቶ (ፊቱ በማሽን ተፍቆ ተስተካክሎ) ከሆነ፣ ባለሙያ ውፍረቱን ለክቶ «ይህ በሽታ የቆየ ነው» ሊል ይችል ነበር። ጋራዡ ዳግም ከላጨው ግን የድሮው ልኬት የለም። ሻጩ ችሎት ቆሞ «መካኒኩ ነው ያበላሸው» ቢል መልስዎ ምንድን ነው? እየሞቀ ነድተውትስ ከሆነ? እየሞቀ የተነዳ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል፣ ሻጩም ያንን ጉዳት ወደ እርስዎ ይገፋዋል።

«ውሃ ጨምርለት» ያለውም በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነው። ጤነኛ ሞተር ውሃ እየጠጣ አይሄድም። ስለዚህ ሻጩ ያውቅ ነበር ማለት እንችላለን። እሱ ደግሞ «ነግሬዋለሁ፣ አውቆ ገዛ» ይላል፣ ገዢው አውቆት በገዛው ጉድለት ደግሞ ሻጭ አይጠየቅም። ቃሉን ያለው ከመፈራረማችሁ በፊት ነው ወይስ ቁልፍ ሲያስረክብዎ? አጠገባችሁ ማን ነበር? ይህን በደንብ አስታውሰው ይጻፉት።

ዛሬውኑ መኪናውን ያቁሙት። ማስታወቂያውን በጽሑፍ ያድርሱ፣ መድረሱን የሚያሳይ ፊርማ ወይም የፖስታ ደረሰኝ ይያዙ። ጋራዡ ሄደው የወጡት አሮጌ ዕቃዎች ካልተጣሉ ይረከቧቸው፣ የሠራውንም ቀን እየጠቀሰ ይጻፍልዎ። ደረሰኝ ከሌለ የከፈሉበትን የባንክ ማስረጃ ይፈልጉ። ከዚያ ውሉን ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ፤ እኔ ውሉን ሳላይ ከዚህ በላይ ብናገር ግምት ነው የሚሆነው። ውል ይፈርስ፣ ዋጋ ይቀነስ ወይስ ኪሣራ ይከፈል የሚለውም የሚወሰነው ወረቀቱ ከታየ በኋላ ነው። «ርካሽ መካኒክ አውቃለሁ» የሚል ወዳጅ ቢመጣ፣ ገለልተኛ ባለሙያ መርምሮ በጽሑፍ ሪፖርት እስኪሰጥዎ ድረስ ኮፈኑን አያስከፍቱት።