ብርዝ ወይስ ድፍድፍ? ማብረጃ ወይስ ማቀዝቀዣ?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ለራሴና ለጓደኞቼ ቤት ውስጥ ቢራ እጠምቃለሁ። የፈላው የብቅል ውሃ እርሾ ከመግባቱ በፊት ቶሎ እንዲበርድልኝ ቀዝቃዛ ውሃ ከሚያልፍበት ቱቦ አንድ መሣሪያ ሠራሁና አሠራሩን በአማርኛ ጽፌ ላክሁላቸው። ‹የነሐሱን ቱቦ ጠምዝዛችሁ ድፍድፉ ውስጥ ክተቱት፤ ይህ ማቀዝቀዣ በግማሽ ሰዓት ያቀዘቅዘዋል› ነው ያልኋቸው። አንዱ ‹ድፍድፉ ቱቦው ላይ ተጣብቆ አይቀርም ወይ?› አለኝ። ሌላው ቱቦውን ሲጠመዝዝ አጣጥፎ አበላሸው። ሦስተኛው ፍሪጅ ስንት ሊትር ይበቃል ብሎ ጠየቀ። ጥፋቱ የአማርኛዬ ነው? ወይስ በእንግሊዝኛው የብቅሉን ውሃ ‹ዎርት›፣ መሣሪያውን ‹ቺለር› እያልሁ ብጽፍ ይሻል ነበር?»

መልስ፦ ጓደኞችዎ አማርኛውን አልሳቱም። ሦስቱም የተጻፈላቸውን እንደ ተጻፈው ነው የተረዱት፤ የተጻፈው ግን እርስዎ የሠሩት ዕቃ አይደለም። በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ቃላት ቦታቸውን ስተዋል፦ ነሐስ፣ ጠመዘዘ፣ ድፍድፍ፣ ማቀዝቀዣ። ከሁሉም የሚከብደው ድፍድፍ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ድፍድፍ ሲባል የሚታየው ወፍራም ነገር ነው። ስሙና ቅደም ተከተሉ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ በጥቅሉ ግን እንዲህ ነው፦ ጌሾውና ብቅሉ በውሃ ሆኖ ጥቂት ቀን ሲቆይ ጥንስስ ይባላል። ቂጣው ተቆራርሶ ሲገባበትና ሲደፈደፍ ድፍድፍ ይሆናል። እንኩሮው (በምጣድ የታመሰው ዱቄት) ይጨመራል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ ሳይጠል ከተቀዳ ጉሽ ነው። ሲጠል ጠላ፣ በቀሪው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ፣ ከሥር የሚዘቅጠው አተላ። እያንዳንዱ ስም እህሉ እስከዚያ ድረስ ምን እንደ ተደረገ ይናገራል። ጓደኛዎ «አይጣበቅም ወይ?» ያለው ለዚህ ነው። ቂጣ የተነከረበት ድፍድፍ ውስጥ ቱቦ ቢገባ በእርግጥ ይጣበቃል።

እርስዎ ያፈሉት ግን ሌላ ነገር ነው። በቢራ ጠመቃ የተፈጨው ብቅል 65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ከዚያ ገለባው ተለይቶ ይቀርና ጣፋጩ ፈሳሽ ብቻውን ይቀዳል፤ ሆፕ ተጨምሮበት አንድ ሰዓት ይፈላል። (ሆፕን «ጌሾ» ብለው እንዳይተረጉሙት። ሁለቱም መራራነት ይሰጣሉ እንጂ ተክላቸው ለየቅል ነው፤ ጌሾ ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው።) በጠላ ግን ስኳሩ የሚወጣውም፣ የሚብላላውም በአንድ ጋን ውስጥ፣ ከነእህሉ ነው። የተጣራ፣ ጣፋጭ፣ እርሾ ያልነካው ፈሳሽ የሚባል ደረጃ ጠላ የለውም። ደረጃው ስለሌለ ስሙም የለም፤ ይህን የአማርኛ ድህነት አድርገው አይቍጠሩት።

ስሙን ከጠላ ቤት ካጣነው ከጠጅ ቤት እንፈልገው። ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ሳይብላላ፣ ገና ጣፋጭ ሳለ ምን ይባላል? ብርዝ። ልጆችም፣ አስካሪ መጠጥ የማይቀምሱም ይጠጡታል። ብርዝ ለጠጅ የሆነውን ያህል የእርስዎ ፈሳሽ ለቢራ ነው፦ ጣፋጭ፣ የማያሰክር፣ ገና ጥንስስ የሚጠብቅ። ስለዚህ እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቦታ «የብቅል ብርዝ» ብዬ አንድ ጊዜ እገልጸውና ከዚያ በኋላ «ብርዙ» እያልሁ እቀጥላለሁ። አንድ መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፦ በረዘ ማለት ማቅጠን፣ መደባለቅ ነው፤ «ባህሉ ተበረዘ» ስንል ወቀሳ አለበት። እውነት ነው። ስሙ ብርዝ ግን ያ ወቀሳ አልደረሰበትም፤ «ብርዝ ልቅዳልህ?» ሲባል ማንም ጥርጣሬ አይገባውም። «የብቅል ጭማቂ» የሚሉ አሉ፤ እሱም ባይከፋ፣ ጭማቂ ለፍሬ የተለመደ በመሆኑ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣ። ሦስተኛው ጓደኛዎ ፍሪጅ ያሰበው ማቀዝቀዣ የፍሪጅ ስም ስለሆነ ነው፤ ቃሉ ከተያዘ ቆይቷል። ይህ ብቻ ቢሆን «የቱቦ ማቀዝቀዣ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ከሥሩ ያለው የግሥ ልዩነት ግን ይበልጥ ያሳስበኛል።

በረደና ቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ ይተካካሉ፤ «ሻዩ በረደ»ም «ሻዩ ቀዘቀዘ»ም እንላለን። ሆኖም አበረደ መነሻውን ያያል፤ ከእሳት፣ ከትኩሳት፣ ከቍጣ ይነሣል። አቀዘቀዘ መድረሻውን ያያል፤ ቅዝቃዜውን። ለሕፃን «የፈላውን ውሃ አብርደሽ ስጪው» ይባላል። በሙቀት የመጣ እንግዳ ግን የሚጠጣው «የቀዘቀዘ ውሃ» እንጂ የበረደ ውሃ አይደለም። ትኩሳት ይበርዳል፤ ጠብ ይበርዳል፤ ቍጣ ይበርዳል። ገበያና ፍቅር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቀዘቅዛሉ። ልብ ካሉት የበረደው ነገር እፎይታ አለው፤ የቀዘቀዘው የጎደለው ነገር አለ።

አክስቴ እንኩሮ ባወጣች ቁጥር ሰፌድ ላይ ትበትነውና የእጇን ጀርባ ታስጠጋበት ነበር። «ገና ነው፤ አልበረደም» ትላለች። ተመልሳ ትመጣለች፤ እንደገና እጇን ታስጠጋለች። «ይኸው በረደ» ስትል ወደ ጋኑ ይገባል። «ቀዘቀዘ» ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ እንኩሮው እንዲቀዘቅዝ አትፈልግማ። የምትፈልገው ሙቀቱ ጥንስሱን እንዳይጎዳው ነው። የእርስዎም ጕዳይ ይኸው ነው። ብርዙ ከ100 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። 20 ዲግሪ እጅ ቢነከርበት ብዙም አይቀዘቅዝም፤ እርሾን ግን አይገድልም። ይህን በትክክል የሚለው አበረደ ነው።

ከአበረደ የመሣሪያው ስም ማብረጃ ነው። «ማብረድያ» ወይም «ማብረጂያ» ብለው አይጻፉት። የመሣሪያ ስም ሲወጣ የግሡ መጨረሻ ድምፅ ከቅጥያው ይ ጋር ይዋሐድና ይለወጣል፦ መክፈት መክፈቻ፣ መቍረጥ መቍረጫ፣ ማፍሰስ ማፍሰሻ፣ መሸፈን መሸፈኛ፣ መንቀል መንቀያ። ማቀዝቀዝ ማቀዝቀዣ የሆነበት ሕግ ማብረድን ማብረጃ ያደርገዋል። ቃሉም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ «የትኩሳት ማብረጃ» ሲባል እንሰማለን። «አብራጅ» ግን አድራጊውን ሰው ነው የሚጠራው፤ ለዕቃ አይሆንም።

ቱቦውን ያበላሸው ጓደኛዎ ከሁሉም ያሳዝናል፤ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ጠመዘዘ ማለት አንድን ነገር በራሱ ዙሪያ ማዞር ነው፤ «እጁን ጠመዘዘው» እንዲሉ። ለስላሳ የመዳብ ቱቦ ደግሞ ሲጠመዘዝ ወዲያው ይታጠፋል፤ የታጠፈበት ቦታ ይጨፈለቅና ውሃ አያሳልፍም። እርስዎ ያደረጉት ቱቦውን በክብ ዕቃ ዙሪያ፣ ዙር በዙር ላይ እያስቀመጡ ማስኬድ ነው። ለዚህ አማርኛ ጠመጠመ የሚል ግሥ አለው። ካህኑ ጥምጥሙን እንዴት እንደሚጠመጥም ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም፤ ጨርቁ አይጠመዘዝም፣ አይታጠፍም፣ በራሱ ላይ እየተደራረበ ይዞራል። «ጠምጥሙት» ብለው ቢሆን ኖሮ ያ ቱቦ ዛሬ ደኅና ነበር። ጠቀለለም ይቀርባል፤ ግን ምንጣፍም ወረቀትም ይጠቀለላልና መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ አያሳይም። ቱቦው እንዳይታጠፍ ደቃቅ አሸዋ ሞልቶ፣ ጫፎቹን ደፍኖ መጠምጠም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይህንንም ለጓደኞችዎ ይጨምሩላቸው።

ነሐስን በተመለከተ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ነሐስ ከዐረብኛው ኑሓስና ከዕብራይስጡ ነሖሼት ጋር ዘመድ ነው፤ በእነዚህ ቋንቋዎች ስሙ ንጹሑንም ቅልቅሉንም ሲጠራ ኖሯል። ጸሐፈ በአማርኛ ጻፈ፣ ሰሐበም ሳበ እንደ ሆነ ሁሉ ነሐስም ሐውን ጥሎ ናስ ሆነ። በመጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ የሰቀለው እባብ የናስ ነው፤ ፍቅር የሌለው ሰው በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 የተመሰለውም በሚጮኽ ናስ ነው። በዛሬው አጠቃቀም ግን ሥራ ተከፋፍለዋል፦ መዳብ ቀላ ያለው ንጹሑ ብረት፣ ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚወጡት (ሦስተኛ የወጣ ሯጭ የሚያጠልቀው)፣ ናስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚንክ ጋር የተቀላቀለው ቢጫ።

ይህ ልዩነት ለእርስዎ የስም ጕዳይ ብቻ አይደለም። መዳብ የተመረጠው ሙቀትን ከማይዝግ ብረት ከ20 ጊዜ በላይ ስለሚያስተላልፍ ነው፤ ከሌላ ብረት ሲቀላቀል ይህ ኃይሉ በብዙ ይቀንሳል። ቱቦውን ከውሃ ጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ናስ ነው፤ ናስ ውስጥም ጥቂት እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ከብርዙ በላይ መቅረት አለበት። ሁለቱንም «ነሐስ» ብለው ቢጽፉ አንባቢ የቱ እንደሚነከርና የቱ እንደማይነከር በምን ያውቃል?

ስለ «ዎርት»ና «ቺለር»። ባዕድ ቃል መቀበል ነውር የለውም። ቱቦም ጎማም ከጣልያንኛ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል፤ በእነሱ ምትክ አዲስ ቃል ላበጅ ብል ራሴም አልጠቀምበትም። ዎርት ግን በአማርኛ የሚደገፍበት ግሥም ዘመድም የለውም፤ ጓደኛዎ መቶ ጊዜ ቢያነበው ፈሳሹ ይጣፍጥ ይምረር አይነግረውም። ማብረጃ ግን ገና ሲሰማ ሥራውን ይናገራል።

እርሾ መጨመርንም «መጠንሰስ» ይበሉት፤ ሥራው ያው ነው፣ ቃሉም አለን። ቱቦው ፈሳሹ ውስጥ መግባቱን «ይነከራል» ቢሉ ይበቃል። ጽሑፍዎ በእኔ እጅ ቢስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

«15 ሜትር የመዳብ ቱቦ በድስት ዙሪያ ቀስ ብላችሁ ጠምጥሙ፤ እንዳይታጠፍባችሁ ተጠንቀቁ። ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ አውጡና በናስ መገጣጠሚያ ከውሃ ጎማ ጋር አገናኟቸው። የብቅሉ ብርዝ ፈልቶ ሊያበቃ 15 ደቂቃ ሲቀረው ማብረጃዋን ንከሯት፤ አብራ ስትፈላ ከጀርም ትጸዳለች። እሳቱን አጥፉና ቀዝቃዛ ውሃ በቱቦው ውስጥ ልቀቁ፤ ብርዙንም በቀስታ አማስሉት። ወደ 20 ዲግሪ ሲበርድ ማብረጃዋን አውጡ፣ እርሾውን ጨምራችሁ ጠንስሱ።»

በጥያቄዎ ግርጌ «ማቀዝቀዣው ልበል ወይስ ማቀዝቀዣዋ?» የሚልም ነበረበት። ለመመሪያ ጽሑፍ የተለመደው ወንዴው ነው፤ ስሕተት የለበትም። እኔ ግን ከላይ «ማብረጃዋን» ብዬ ተውሁት። አማርኛ ትንሽ ነገርን፣ የለመዱትንና የሚሳሱለትን ዕቃ በሴት ጾታ ይጠራል፤ እርስዎም ይህችን ቱቦ ዙር በዙር በገዛ እጅዎ ነው የጠመጠሟት።