ለፖድካስት አፕ መክፈል ያዋጣል?

"ጉግል ፖድካስትስ ከተዘጋ ወዲህ የቱን ልጫን? መክፈልስ ያዋጣል?" ላልከው፣ ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ መጀመሪያ አንቴናፖድን ሞክረው። ነፃ ነው፣ የራሱ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈት ብሎም አይነዘንዝህም። እኔ ማታ ቤት በዋይፋይ ያወርድልኛል፤ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያለ ዳታ እሰማለሁ። ወሬው ሲንዛዛብኝ ፍጥነቱን 1.3 አደርገዋለሁ።

አይፎን ከያዝክ ኦቨርካስት ጥሩ ነው። ብትከፍል ግን የሚጠፋው የአፑ ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ አዘጋጁ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባው እንዳለ ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ፖኬት ካስትስም ቢሆን ነፃው ይበቃል፤ ፕሮግራሞችህን በፎልደር መደርደር ካላማረህ በቀር። ከዚህ ሆኖ በዶላር ለመክፈል ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው።

የትኛውንም ብትመርጥ የምትከታተላቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር በኦፒኤምኤል ፋይል (ሌላ አፕም ሊያነበው በሚችል የዝርዝር ፋይል) ማውጣት መቻሉን እይ። ስትቀይር ከዜሮ አትጀምርም።