መልስ፦ የልዑል ቺቺቡ ፊርማ ያለበት ፎቶግራፍ ዘመኑና ዋጋው

ጤና ይስጥልኝ። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት የአፄ ሂሮሂቶ ታናሽ ወንድም ልዑል ቺቺቡ (የግል ስማቸው ያሱሂቶ) ከባለቤታቸው ጋር የተነሡት፣ በላቲን ፊደል «ያሱሂቶ» ተብሎ የተፈረመበትና የብር ፍሬም ያለው ፎቶግራፍ የመቼ እንደሆነ፣ ምን ያህልስ እንደሚያወጣ ጠይቀዋል።

ልዑሉ ልዕልት ሴትሱኮን ያገቡት በመስከረም 1928 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያረፉት በጥር 1953 በመሆኑ፣ ፊርማው እውነተኛ ከሆነ ከእነዚህ ዓመታት አይወጣም። ስጦታውን የተቀበለው እንግሊዛዊ ከነበረ፣ ሁለቱም ለጆርጅ ስድስተኛ የዘውድ በዓል ለንደን የተገኙበትን 1937ን አስቀድመው ይመርምሩ። ፎቶው በተለጠፈበት ካርቶን ላይ በጃፓን አቆጣጠር ዓመት ተጽፎ ከሆነ፣ በሾዋ (በሂሮሂቶ የንግሥና) ዘመን ቁጥር ላይ 1925 ይደምሩ፤ ሾዋ 12 ማለት 1937 ነው። ከሾዋ በፊት የነበረው የታይሾ ዘመን ከተጻፈበት ግን ይጠራጠሩ፤ ያ ዘመን ያበቃው ከጋብቻው በፊት፣ በታኅሣሥ 1926 ነውና።

በፍሬሙ ላይ ያለውን የክሪሳንቲመም አበባም ይቁጠሩት፤ ባለ 16 ቅጠሉ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ሲሆን፣ ለቀሩት የቤተ መንግሥቱ አባላት የተወሰነው ባለ 14 ነው። ፍሬም ግን ሊቀያየር ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በእኔ ግምት የአፄ ሂሮሂቶን ፊርማ ያህል አያወጣም። ከሁሉ የሚበልጠው ማን ከማን እንደተቀበለው የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ፖስታ ነው። ፊርማው ቀለም እንጂ ኅትመት አለመሆኑን በአጉሊ መነጽር ካረጋገጡ በኋላ፣ ሻጮች ከሚጠሩት ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ ከተከፈለው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። እስከዚያው ብሩን አይወልውሉት፣ ፎቶውንም ከካርቶኑ አያላቅቁት።