መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ውሃው ግን አይወጣም

በሆላንድ የፈቃደኛ ወፍጮ አንቀሳቃሽነት ሥልጠና የሚከታተሉ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «የምሠለጥንበት ውሃ ማፍሰሻ የንፋስ ወፍጮ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ በሳር የተከደነ ነው። ክንፎቹ ይዞራሉ፤ ውሃ የሚያነሣው መንኮራኩርም አብሮ ይዞራል። የመውጫው በር ግን ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል፤ የመስኩ ውሃም አይጎድልም። የክንፎቹን ሸራ በሙሉ ልዘርጋ ወይስ የመንኮራኩሩ መቅዘፊያዎች ይቀየሩ?»

ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉና ውሃውን ይመልከቱ። ይህ መንኮራኩር ውሃ መጥጦ የሚያወጣ ፓምፕ አይደለም። በጠባብ የግንብ ቦይ ውስጥ እየዞረ ውሃውን በመቅዘፊያዎቹ ከፊቱ እየገፋ ከዝቅተኛው ቦይ ወደ ከፍተኛው ያሻግራል። በመቅዘፊያውና በግንቡ መካከል ምን ጊዜም ትንሽ ክፍተት ስላለ ከተገፋው ውሃ ጥቂቱ ሾልኮ ይመለሳል። ፍጥነቱ በቂ ሲሆን የሚሻገረው ከሚመለሰው ይበልጣል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ሁለቱ ይስተካከላሉ። ያን ጊዜ ክንፎቹ ሲዞሩ እያዩ አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ አላወጡም ማለት ነው። በሩ የሚነግርዎትም ይህንኑ ነው፤ መንኮራኩሩ ያነሣው ውሃ ከውጭው ቦይ ከፍ ሲል ይከፈታል፣ ዝቅ ሲል የውጭው ውሃ ገፍቶ ይዘጋዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይቁጠሩ። በአንድ ደቂቃ በፊትዎ የሚያልፉትን የክንፍ ጫፎች ይቁጠሩ፤ ክንፎቹ አራት ስለሆኑ 60 ጫፍ ማለት 15 ዙር ነው። የውሃው መንኮራኩር በጥርሶቹ አሠራር ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ይዞራል። በሩ ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በስንት ጫፍ እንደሆነ መዝግበው ይያዙ። ይህ ቁጥር ከወፍጮ ወፍጮ ይለያያል፤ በውሃው ከፍታም ይለዋወጣል። የእርስዎን ወፍጮ ቁጥር ካላወቁ ስለ ሸራ መወሰን አይችሉም።

ነፋሱ ደካማ ሆኖ በእኩል የሚነፍስ ከሆነ ሸራ መጨመር ተገቢ ነው። በየመሃሉ ድንገት የሚበረታ ከሆነ ግን አይጨምሩ። በሩ እየተከፈተ የሚዘጋው ነፋሱ ስለሚለዋወጥ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ ሸራ ዘርግተው ኃይለኛ ነፋስ ከደረሰብዎ ክንፎቹን በፍሬኑ ማቆም ይከብዳል። ፍሬኑ በትልቁ ጥርሳም መንኮራኩር ዙሪያ የሚጠብቅ የእንጨት ማሰሪያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከተፋተገ እሳት ያስነሣል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ወፍጮዎች አሉ።

ቁጥሩ በቂ ሆኖ ውሃው እምቢ ካለ ወደ መግቢያው ይሂዱ። እዚያ ቅጠልና አረም የሚይዝ ፍርግርግ አለ። ከፍርግርጉ ኋላ፣ በመንኮራኩሩ በኩል ያለው ውሃ ከፊት ካለው በግልጽ ዝቅ ካለ መንኮራኩርዎ ውሃ ተርቧል። በእኔ ግምት አብዛኛው እንዲህ ያለ ችግር እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሰው ግን እንጨቱን ለመጠርጠር ይቸኩላል። አረሙን የሚያነሡት ወፍጮው ቆሞ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ክንፉም በሰንሰለት ከታሰረ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የውጭውን ውሃ ከፍታ ይለኩ። እንዲህ ያለ መንኮራኩር ውሃን የሚያነሣው እስከ 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ ሆላንዳውያን ይህን ወሰን በሚገባ ያውቁት ነበር። ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረ ረግረጋማ መሬት ውሃው ሲወጣለት እየተኮማተረ ይሰምጣል፤ መሬቱ በሰመጠ ቁጥር ውሃው የሚነሣበት ከፍታ ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ ወፍጮ ያነሣውን ሌላው እንዲቀበለው በደረጃ ደረደሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1612 የደረቀው የቤምስተር ሐይቅም፣ በ1635 የደረቀው ስኸርመርም የተፈሰሱት በዚህ ዘዴ ነው። በሆላንድ በኪንደርዳይክ መንደር እ.ኤ.አ. በ1738 የተሠሩት ስምንት የጡብ ወፍጮዎችና በ1740 የተሠሩት ስምንት በሳር የተከደኑ ወፍጮዎች ደግሞ ውሃውን ወደ ከፍተኛ ማጠራቀሚያ ያነሡት ነበር፤ ከዚያ የወንዙ ውሃ ሲጎድል በር ተከፍቶ ይለቀቅ ነበር። ከፍ ያለ ማንሣት ሲፈለግ በመንኮራኩሩ ፈንታ እየዞረ ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣ ጠመዝማዛ የአርኪሜዲስ ብሎን ገባ። ከዝናብ በኋላ የውጭው ቦይ ከሞላ የእርስዎ ወፍጮ ጥፋት የለበትም፤ ውሃው እስኪወርድ ይጠብቁ። ከፍታውን የሚወስነው የአካባቢው የውሃ ቦርድ ስለሆነ ከእርሱ ጋር ይነጋገሩ።

የመስኩ ውሃ በጣም ዝቅ ብሎም ሊሆን ይችላል። መቅዘፊያዎቹ ውሃውን ዳር ዳሩን ብቻ ከነኩት ክንፎቹ ቀለል ብለው በፍጥነት ይዞራሉ፤ የሚሻገረው ግን ኢምንት ነው።

ወፍጮው ሲቆም በሩ በደንብ መግጠሙንም ያረጋግጡ። ጠርዙ ላይ አንዲት እንጨት ከተሰነቀረች ቀን ያወጡት ውሃ ሌሊት ወደ መስኩ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ብቻ መቅዘፊያዎቹን ይጠርጥሩ። ወፍጮው ቆሞና ታስሮ፣ አሠልጣኝዎ ባሉበት፣ የእያንዳንዱን መቅዘፊያ ክፍተት ከግራ፣ ከቀኝና ከታች ይለኩ። ክፍተቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ መሆን አለበት። በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ ከሰፋ እነዚያ ሳንቃዎች አልቀዋል፤ በሁሉም ላይ በአንድ ጎን ከሰፋ መንኮራኩሩ ወይም ዘንጉ ወደ ጎን ተንሸራትቷል፣ ወይም ግንቡ ተበልቷል። ያን ጊዜ ሳንቃ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ልኬቶቹን ከበሩ መክፈቻ ቁጥር ጋር ጽፈው ለወፍጮ ጠጋኝ አናጢ ይስጡት፤ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ከዚያ ይረዳል።