የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለሁለት በጀልባ፣ ከደሴት ደሴት

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በ9 ሜትር የሸራ ጀልባ በባሕር ዳርቻ ባሉ ደሴቶች መካከል አሥር ቀን ልንቆይ አስበናል። ባለፈው በጋ ግን መልህቁ ሁለት ሌሊት አልያዘልንም፤ ጀልባዋ ወደ ዓለቱ ስትንሸራተት ደርሰንባት ነው የተረፍነው። መልህቁ 10 ኪሎ ነው። ከበድ ያለ እንግዛ?

መልስ፦ ለዚህ ጀልባ 10 ኪሎ የሚናቅ አይደለም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ስንት ሜትር ሰንሰለት እንደለቀቃችሁ አስታውሱ። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን አፈሩ ውስጥ በመቀበሩ ነው። የሚቀበረው ደግሞ መሬቱን ተከትሎ ወደ ጎን ሲሳብ ነው። ሰንሰለቱ ካጠረ ማዕበል ጀልባዋን ባነሣት ቁጥር መልህቁ ወደ ላይ ይሳብና ይነቀላል።

ስትደርሱ ውኃው 4 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ሰንሰለቱ የሚወርድበት የጀልባዋ ፊት ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ይላል። ሌሊት ባሕሩ ሲሞላ 2 ሜትር ይጨምራል። ድምሩ 7 ሜትር ነው። ሙሉ በሙሉ ሰንሰለት ከሆነ በ5 አባዙት፣ 35 ሜትር ልቀቁ፤ አብዛኛው ገመድ ከሆነ በ7፣ ማለትም 49 ሜትር። ብዙዎች ሲደርሱ ያዩትን 4 ሜትር ብቻ በ5 አባዝተው 20 ሜትር ለቅቀው ይተኛሉ። ባሕሩ ሲሞላ ያ 20 ሜትር ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

አጣጣሉም ወሳኝ ነው። የጀልባዋን ፊት ወደ ነፋሱ አዙሩና ፈጽማ እስክትቆም ጠብቁ። መልህቁን አትወርውሩት፣ መሬት እስኪነካ አውርዱት። ከዚያ ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ኋላ ሲገፋት ሰንሰለቱን በዚያው ልክ ልቀቁ፤ ባንዴ ከተዘረገፈ መልህቁ ላይ ተከምሮ ይተበትበዋል። ልኩ ሲወጣ ማርሹን ወደ ኋላ አግብታችሁ ቀስ በቀስ ነዳጅ ስጡ። ፊት ያለው ሰው መዳፉን ሰንሰለቱን ከሚጠቀልለው መዘውር አርቆ ሰንሰለቱ ላይ ያሳርፍ። የያዘ መልህቅ ሰንሰለቱን ወጥሮ ጸጥ ያሰኘዋል። የሚንሸራተት ግን ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ይንገጫገጫል፤ ንዝረቱ እስከ ክንድ ይሰማል። በመጨረሻም ዳርቻው ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ቤት በአንድ መስመር የሚታዩበትን ልብ በሉ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ጀልባዋ ዞራ ካልሆነ በቀር፣ መልህቁ ለቅቋል ማለት ነው።

አሸዋና ጭቃ ጥሩ ይይዛሉ። ጥርት ባለ ውኃ ነጣ ያለው አሸዋ ነው፤ ጠቆር ያለው ሣር ወይም ዓለት ነው። የባሕር ሣር የመልህቁን ጫፍ ይጠቀልለዋል፣ የተጠቀለለ መልህቅም አፈር አይገባም። ስለዚህ አንሥታችሁ አጽዱትና ሌላ ቦታ ጣሉት።

ጥያቄ፦ ጀልባውን የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነው። እሱ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ ይህ ከመነሣታችሁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ሁለት ሰው በሚጓዝበት ጀልባ ላይ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ሥራ መኖር የለበትም። እርስዎ ብቻዎን ሞተር ማስነሣትና ማጥፋት፣ ሸራ ማውረድ፣ ያሉበትን ቦታ ከጂፒኤስ ማንበብና በሬዲዮ መጥራት እስኪችሉ ድረስ ጉዞው ቢቆይ ይሻላል። በጸጥታ ውኃ ግማሽ ቀን ልምምድ ብዙ ይለውጣል።

ጀልባ በ5 ኖት (በሰዓት 5 የባሕር ማይል) ስትሄድ በደቂቃ 150 ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በማዕበል መካከል የሰው ጭንቅላት ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ወዲያውኑ ተንሳፋፊ ቀለበቱን ይወርውሩለት፣ ጂፒኤሱ ላይ ሰው የወደቀበትን ቦታ የሚመዘግበውን ቁልፍ ይጫኑ፣ ጀልባዋን ያቁሙ። በሬዲዮ ቻናል 16 ላይ የአደጋ ጥሪ የሆነውን «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ይበሉ፤ የጀልባዋን ስም፣ ቦታውንና ሰው ባሕር መውደቁን ይናገሩ። ከተቻለ ዓይንዎን ከእሱ አይንቀሉ። ሸራውን አውርደው በሞተር ይመለሱ፤ ነገር ግን ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ ገመድ እንደሌለ ይዩ፣ ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ጀልባዋ ቆማ ትቀራለች። አጠገቡ ሲደርሱ ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፤ ፕሮፔለር ሰው ይቆርጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ማውጣቱ ነው። ልብሱ የራሰ ሰው በአንድ ሰው ክንድ አይነሣም። መጀመሪያ በገመድ ከጀልባዋ ጋር ይሰሩት፣ ከዚያ መሰላል ያውርዱ። መውጣት ካቃተው በመዘውር የሚጎተት ገመድ ያስፈልጋል፤ እሱም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተሞከረ መሆን አለበት። ነፍስ አድን ጃኬት ሁልጊዜ ይለበስ፤ ሌሊትና ማዕበሉ ሲበረታ ደግሞ ራስን ከጀልባዋ ጋር ማሰር ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት እንደ መስታወት የነበረ ባሕር ከቀትር በኋላ ለምን ይታወካል?

መልስ፦ በበጋ ፀሐይ መሬቱን ከባሕሩ ቀድማ ታሞቃለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የባሕር አየር ሊተካው ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርዳል። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ተነሡ። 20 የባሕር ማይል በ5 ኖት 4 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነፋሱ ሳይበረታ መልህቅ ትጥላላችሁ።

በደሴቶች መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ግን ሙላትና ጉድለቱንም ቁጠሩ። ባሕሩ በሚሞላበት ስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ውኃ የሚገባው በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ነፋስ ከውኃው ፍሰት ጋር ፊት ለፊት ከተጋጠመ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ይነሣል፣ ትንሽ ጀልባም ትቸገራለች። ውኃው ቆም ሲል እለፉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ባሕሩ ያጥወለውላታል። ምን ይረዳታል?

መልስ፦ ማጥወልወሉ የሚመጣው የውስጥ ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴና ዓይን የሚያየው ሳይገጥም ሲቀር ነው። ከጓዳ ወጥታ አድማሱን ትመልከት፤ መሪውን ብትይዝ ደግሞ የበለጠ ይሻላታል። መድኃኒት ከተነሡ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ዓይነት ግን ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ።